ማርሹ እስኪለሰልስ

ኅዳር 2

ጠዋት ግቢ ጠረግኩ። ሸሚዞቼን አጠብኩ። ሞተሯ ከትናንት ጀምሮ በረንዳው ሥር ቆማለች። ቀይ ናት። የመቀመጫዋ ላስቲክ ገና አልተላጠም። ልላጠው? ይቆይ... አቧራው ብዙ ነው።

ትምህርት ከዓላማ ይጀምራል። ስለዚህ ዓላማው ይጻፍ፦ እትዬ ዘንድ በየቀኑ መድረስ።

ምክንያቱም ይጻፍ፤ ኋላ ሰበብ እንዳላበዛ። እህቴን ነሐሴ ላይ ስትሮክ መታትና ንግግሯ ጠፋ። ዕድሜዋን ሙሉ ስልክ ቤት ማዞሪያው ላይ ተቀምጣ "ሃሎ፣ ከማን ጋር ላገናኝዎ?" ስትል የኖረች ሴት... መልኳን ሳያይ፣ ድምፅዋን ብቻ ሰምቶ ለጋብቻ የጠየቃት ሰው ነበር እኮ። አሁን አፏ ይከፈታል፤ የሚወጣ የለም። የንግግር ሐኪሟ "የመጀመሪያዎቹ ወራት ወርቅ ናቸው" አለችን። "ያኔ ያልተመለሰ ቃል በኋላ ይቸግራል።"

ልጇ ልብስ ሰፊ ናት፤ እዚያው ቤት አብራት ትውላለች። ግን እትዬ በልጇ ፊት ቃል አትሞክርም። ታፍራለች። በእኔ ፊት አታፍርም፤ አፍንጫዬን እየጠረገች ያሳደገችኝ ታናሿ ነኝ። ስለዚህ አስተማሪዋ እኔ ሆንኩ። መስከረምን ሙሉ በአውቶቡስ ተመላለስኩ። ውሃ። በር። ወንበር። መርፌ። አራቱን መለስናቸው።

ከዚያ ዋናው መንገድ ለጥገና ተዘጋ። አሁን ያለው በድንጋይ ካባው በኩል የሚዞረው ኮረኮንች ብቻ ነው፤ እሱን ከሞተር በቀር የሚያልፈው የለም። አንዴ በኪራይ ሞተር ሄድኩ። ነጂው ኩርባው ላይ ከእጮኛው ጋር በስልክ ተጣላ፤ በአንድ እጁ እየነዳ፣ እየማለ እየተገዘተ። ሁለተኛ አልሳፈርም አልኩ። ሠለጠንኩ፣ ፈቃድ አወጣሁ፣ ይቺን ገዛሁ።

ነገ እሄዳለሁ።

ኅዳር 3

አልሄድኩም።

ከበር ወጥቼ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ስቀይር... ኳ! የድስት ክዳን ሲሚንቶ ላይ እንደወደቀ። ደነገጥኩ። አቆምኩ። እንደገና ሞከርኩ። ኳ! ሦስተኛው ትንሽ ይሻላል። ወደ ታች ስመልሰው ደግሞ ይብሳል፤ መላ አካሏ ይንዘፈዘፋል።

የማሠልጠኛው አሮጌ ሞተር እንዲህ አላደረገኝም። አዲስ ዕቃ ከአሮጌ ይከፋል? እንዴት ተደርጎ?

ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ሰፈሩ "ጡሩምባ" ይለዋል፤ እሱም ስሙን ይወደዋል።

"መምህር! ድስት ሰበርክ እንዴ?"

"ማርሹ ነው።"

"እና ምን ይጠበስ? አዲስ ሙሽራ ናት፣ ትለምድሃለች። ይልቅ ንዳት!"

ሳይጠየቅ የሚመክር ሰው...

ኅዳር 5

መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩ። የተረጎመው ሰው ሞተር ነድቶ አያውቅም። አማርኛም ብዙ አልነዳ። በቀይ እስክሪብቶ አረምኩት። ከመቶ አርባ ይበቃዋል።

ስለ ማርሹ የሚለው፦ ሞተሩን ከማርሹ የሚያላቅቀው ፍሪሲዮን ገመዱ ከላላ በደንብ አይለቅም፤ ያኔ ማርሹ እየተንኳኳ ይገባል። እጀታው ላይ የሚኖረው መላላት የአንድ ሳንቲም ውፍረት ያህል ይሁን። የየትኛው ሳንቲም? አይልም። በሦስት ዓይነት ለካሁ። መካከለኛውን ወሰድኩ። ብሎኑን ሩብ ዙር አጠበቅኩ። ሞከርኩ።

ኳ።

ኅዳር 6

የእህቴ ልጅ ደወለች።

"ጋሼ፣ እማዬ ከጠዋት ጀምሮ በሩን እያየች ነው። ትመጣለህ አይደል?"

"ማርሹ ትንሽ ይቀረዋል።"

"ምን ይቀረዋል?"

"መለስለስ።"

 የስፌት መኪናዋ ብቻ ትር ትር ይላል።

ስልኩን እናቷ ጆሮ ላይ እንድታደርገው ነገርኳት። "እትዬ፣ እኔ ነኝ። ውሃ በይ። ው... ሃ።" ትንፋሽ ብቻ ሰማሁ። ትንፋሹ ፈጠነ። ከዚያ የልጇ ድምፅ፦ "ከንፈርህን ካላየች አይሆንላትም። አለቀሰች ጋሼ።"

በስልክ እንጀራዋን የበላች ሴት። በስልክ አልሆነላትም።

ኅዳር 9

መካኒኩ ዘንድ ወሰድኳት። ማለት ገፋኋት። መንገድ ላይ አንድ ሞተረኛ ቆሞ "አባባ፣ ቤንዚን ጨረሱ?" አለኝ። "የለም፣ ሙሉ ናት" ስለው ከእግሬ እስከ ራሴ አይቶኝ ሄደ።

መካኒኩ ወጣባት፤ ጋራዡን ዞሮ ተመለሰ። ኳ፣ ኳ አለችበት። ደስ አለኝ። እኔ ብቻ አይደለሁማ!

"ሮዳጅ ነው ጋሼ።"

"ሮዳጅ ማለት?"

"አዲስ ጥርስ ነው፣ ገና እርስ በርሱ አልተዋወቀም። ሲነዳ ይፋቃል፣ ይለሰልሳል። ዝም ብለው ይንዷት።"

"ስንት ኪሎ ሜትር?"

"እስኪለሰልስ።"

"'እስኪለሰልስ' መጠን አይደለም ልጄ።"

"እንግዲህ እኔ ምን ላድርግ ጋሼ፣ ጥርሱን እያሸሁ ልቀመጥልዎ?" ሳቀ። "ሲቀይሩ ፈራ ተባ አይበሉ። ቆረጥ አድርገው ነው። ሲለማመጡት ያውቅብዎታል።"

ማርሽ ያውቃል? ማርሽ ብረት ነው።

ኅዳር 11

ዛሬም ግቢ ውስጥ። ሞተሯን ሳላስነሳ። ፍሪሲዮን ያዝ፣ ማርሽ አንሳ፣ ፍሪሲዮን ልቀቅ። ያዝ፣ አንሳ፣ ልቀቅ። ጡሩምባ ወንበሩን አውጥቶ አጥሩ ጥግ ተቀመጠ፤ ኦቾሎኒ ይፈለፍላል።

"መግቢያው በነፃ ነው መምህር?"

ያዝ፣ አንሳ፣ ልቀቅ።

ክፍል ሳስተምር አንደኛው ምዕራፍ ሳይገባቸው ሁለተኛውን ከፍቼ አላውቅም። ርዕሰ መምህሩ እየጮኸብኝ፣ ፈተናው እየደረሰ። መሠረት ሳይጠነክር ግድግዳ አይቆምም። እዚህም ያው ነው። ግቢ ውስጥ ያልታረመ ማርሽ ካባው ዳገት ላይ ምን ሊሆን ነው?

እትዬ ጥቂት ትታገሠኝ። በደንብ ተዘጋጅቼ ብመጣ ለእሷም ይሻላል።

ኅዳር 14

ሰፈሩን ልዞር ወጣሁ። መስቀለኛው ላይ ስቀይር መሀል ቀረች። አንደኛም አይደለች፣ ሁለተኛም አይደለች። ነዳጅ ስሰጣት ትጮኻለች፤ አትሄድም። ከኋላ የክላክስ ውርጅብኝ። አንድ የሚኒባስ ሾፌር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፦

"አባባ፣ ይቺን ይሽጡና በግ ይግዙ! በግ ማርሽ የለውም!"

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔ ራሴ ልስቅ ምንም አልቀረኝም። 

ገፍቼ ተመለስኩ። ይህ ዳገቱ ላይ ቢሆንስ? አፋፉ ላይ? እኔ ገደል ከገባሁ እትዬን ማን ሊያስተምራት ነው?

ኅዳር 15

አልወጣሁም።

ኅዳር 17

ጡሩምባ በበሩ ዞሮ መጣ። ዛሬ አልቀለደም።

"መምህር፣ ነገሩ እህትህ ዘንድ መድረስ ከሆነ እኔ ላድርስህ። ከኋላዬ ቁጭ ብለህ። አርባ ዓመት ነድቻለሁ።"

"የጭነት መኪና ነው የነዳኸው።"

"እሺ፣ አንተን እንደ ጭነት እቆጥርሃለሁ።"

አመሰገንኩት። አይሆንም አልኩት። ሞተር ላይ ፈቃድ የለውም። ሕግ ሕግ ነው... ቀጥሎም ገና ያልተፈተሸ ማርሽ ለሰው አይሰጥም።

ትከሻውን ሰብቆ ሄደ።

ኅዳር 19

ዘይቱን አስቀየርኩ። "ጋሼ፣ ይሄ እኮ ገና ማር ነው" አለኝ መካኒኩ፣ ወደ ብርሃን ይዞ እያሳየኝ። ቢሆንም አስቀየርኩ። የኋላ ጎማውን ካቴና አላላሁ፤ መልሼ አጠበቅኩ። የማርሹን መርገጫ ከጫማዬ ጋር አስተካከልኩ። ከዚያ ጫማ ቀየርኩ።

ኳ...

ቀነሰ? ወይስ ጆሮዬ ለመደው?

ኅዳር 22

"ጋሼ፣ ወንበር ጠፋ።"

መጀመሪያ አልገባኝም። ሌባ የገባ መሰለኝ። "የቱ ወንበር?"

"ቃሉ። ትናንት ወንበሩን ነካ አድርጌ አሳየኋት... ዓይኗ ያውቀዋል። አፏ ላይ የለም። በርም ሄዷል። መርፌ ግማሹ ነው የቀረው፤ 'መር' ትልና ታቆማለች።"

"ውሃስ?"

"ውሃ አለ። በስንት ጭንቅ።"

 ቃል ሲጠፋ አይቻለሁ፤ ተማሪ ከክረምት ሲመለስ ግማሹን ረስቶ ነው የሚመጣው። ግን ተማሪ መስከረም ላይ ይመለሳል። የእትዬ ቃል መቼ ነው የሚመለሰው?

ነገ እሄዳለሁ። ቢንኳኳም።

ኅዳር 23

ዘነበ። ኮረኮንቹ ያንሸራትታል። እንዲህ ባለ ማርሽ በጭቃ... አልሄድኩም።

ዝናቡ ረፋዱ ላይ አባርቷል። ይህም ይጻፍ።

ኅዳር 25

የእህቴ ልጅ ጮኸችብኝ። ከተወለደች ጮኻብኝ አታውቅም።

"ተወው ጋሼ! ማርሹ፣ ማርሹ፣ ማርሹ! ብትንኳኳ ምን ትሆናለች? እማዬ ድምፅ አጥታ ታለቅሳለች፤ አንተ ድምፅ ሰማሁ ብለህ ቤት ትቀመጣለህ!"

"ልጄ፣ ለጥንቃቄ ብዬ እኮ..."

"ውሃ ሄደ። ዛሬ ጠዋት። ብርጭቆውን እያሳየችኝ አፏን ከፍታ ቀረች። አለቀ። አሁን ተዘጋጅተህ ና።"

ዘጋችብኝ።

መፍቻው እጄ ላይ ነበር። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ነው። ወዴት እንደማስቀምጠው አላውቅም።

ኅዳር 26

ሄድኩ።

በጠዋት ተነሳሁ፤ ጡሩምባ እንኳ ገና አልነቃም። ኳ፣ ኳ፣ ኳ እያለች። ካባው ዳገት መሀል ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ላወርድ ስል እንደገና ማርሽ አልባ ቀረች። ወደ ኋላ ተንሸራተትኩ። ሁለቱንም ፍሬን ጨምድጄ ያዝኩ። ከበላዬ ድንጋይ ፈላጮቹ መዶሻቸውን አውርደው ያዩኛል።

"አይዞዎት አባት! ርግጥ ያድርጉት!" አለ አንዱ።

ረገጥኩት። ሳልለማመጠው። በንዴት። ኳ! ገባ። ወጣሁ።

ይኼው ነበር። የፈራሁት ሁሉ ሆነ፤ ሆኖም አለፈ። ጫማ አስሮ ለመነሳት የሚፈጀውን እንኳ አልፈጀም።

እትዬ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች። ከስታለች። ስታየኝ ፊቷ በራ፤ ግራው ብቻ፣ ቀኙ አይታዘዛትም። ወንበር ሳብኩ። ላብ አጥምቆኛል። ፋታ አልሰጠኋትም።

"እትዬ። እዪኝ። ው..."

መዳፏን አፌ ላይ አደረገች።

ቀስ ብዬ አነሳሁት። "ው..." እንደገና መዳፏን። አሁን ጠበቅ አድርጋ። ግራ እጇ ነው፣ ጤነኛው። ዓይኗ ውስጥ ቁጣ ፈለግኩ። የለም። ቁጣ ቢሆን በተሻለኝ። ደክሟታል፤ በቃ። የክፍሉን መብራት አጥፍቶ "ሂዱ ልጆች፣ ዛሬ ትምህርት የለም" እንደሚል ሰው ነው ያየችኝ።

የእህቴ ልጅ የያዘችውን ጨርቅ አስቀምጣ ወደ ጓሮ ወጣች።

ኅዳር 29

የንግግር ሐኪሟን ቢሮዋ ድረስ ሄጄ አነጋገርኳት። ልጅ እግር ናት። ቀስ ብላ ነው የምትናገረው፤ ሥራዋ አስለምዷት ይሆናል።

"በየቀኑ ብመላለስ? ጠዋትም ማታም?"

"ይመላለሱ። ይጠቅማታል።"

"ቃሉ ይመለሳል?"

ወረቀቶቿን አስተካከለች። "አይመለስም አልልም" አለች።

ስንቱን ወላጅ እንዲህ ብዬ ሸኝቻለሁ። "ልጅዎ አያልፍም አልልም።" ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

ታኅሣሥ 1

በመንገድ ሁሉ ያሰብኩት... ያን ቀን ዝናቡ ሲያባራ ብነሳስ? ወይ ጡሩምባ ከኋላዬ ተቀመጥ ሲለኝ ብቀመጥ? ኅዳር 3ስ? ኅዳር 3 ብሄድ አራቱም ቃላት ነበሩ።

የተሰበረ ነገር አልነበረም። ድምፅ ነበር። ድምፅ!

ታኅሣሥ 3

ሥዕል ያለባቸው ካርዶች ሠርቼ ወሰድኩ። በር፣ ወንበር፣ ብርጭቆ። በደንብ የተሣሉ፣ በቀለም። እትዬ አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ አንድ በአንድ ገለበጠቻቸው፣ ፊታቸው ወደ ጠረጴዛው። ሰብስባ፣ ጫፋቸውን ገጥማ መለሰችልኝ።

አላስገደድኳትም። አብረን መስኮት መስኮት ስናይ ዋልን።

ስመለስ ጡሩምባ "እንዴት ናት?" አለኝ።

"ያው።"

ቀልድ አልጨመረበትም። ቢቀልድ ይሻለኝ ነበር።

ታኅሣሥ 5

ሄድኩ። ተመለስኩ። ምን ይጻፋል?

ታኅሣሥ 8

ዛሬ ትከሻዋን ነካ ነካ አደረገች። በርዷት ነው ብዬ ፎጣ ደረብኩላት። ጣለችው። መስኮቱን ዘጋሁ። ራሷን ነቀነቀች። ውሃ? መዳፌን ቸብ! አደረገችኝ። የእህቴ ልጅ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፦

"ትራሱን ዝቅ አድርግላት ጋሼ።"

ዝቅ አደረግኩ። ደህና ሆነች።

"በምን አወቅሽ?"

"ስትሳሳት ትመታሃለች። ስትመታህ ታውቃለህ።"

ሲገባኝ... እትዬ ለካ ዝም አላለችም። እኔ ግቢ ውስጥ ብሎን ሳጠብቅ እሷ እዚህ በአንድ እጇ የራሷን ነገር ስታበጅ ነበር። ጣቶቿን ገጥማ ወደ ከንፈሯ፣ ውሃ ነው። ጉንጯን በመዳፏ፣ መተኛት። መዳፏን ገልበጥ፣ "ተወው"። "ተወው"ን ብዙ ትጠቀምበታለች።

ቀኑን ሙሉ ተመታሁ። ስመለስ እጄ ይነዝረኝ ነበር። ቃል ግን አንድም የለም። ሐኪሟ ስለ ምልክቶቹ በስልክ ስነግራት "ጥሩ ነው" አለች፤ "ከቃል ግን አይቆጠርም።" አውቃለሁ።

ታኅሣሥ 13

የስም ነገር።

እትዬ ለሰው ሁሉ ስም አላት። ልጇን ስትጠራ አውራ ጣትና ሌባ ጣቷን ገጥማ ወደ ታች ትወጋለች፣ እንደ መርፌ። ሐኪሟ መነጽር ናት። ጎረቤታቸው አንዲት ወሬኛ ሴት አለች፤ እሷ አራቱ ጣቶች ናቸው፣ አውራ ጣት ላይ ሲከፈቱ ሲዘጉ። ሦስታችንም ሳቅን። ከነሐሴ ወዲህ እዚያ ቤት ሳቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

"እኔስ?" አልኩ። "እኔ ስም የለኝም?"

የእህቴ ልጅ ቁልቁል አየች። ወደ እናቷ ዞራ "እማዬ፣ ይሄ ማነው?" አለቻት በጣቷ እያሳየችኝ።

እትዬ ግራ እጇን ጨበጠች። የወንበሯን እጀታ በጉልህ አንድ ጊዜ መታችው።

ኳ።

"በሩ ጋ ማርሽ ስታወርድ ነው" አለች የእህቴ ልጅ። "መንገዱ ከተዘጋ ሞተር ሁሉ በዚህ ነው የሚያልፈው፤ ቀኑን ሙሉ ሲንጋጋ ይውላል። ዞር ብላ አታይም። የአንተ ሲንኳኳ እጀታውን ትመታና በሩን ማየት ትጀምራለች።"

ወጣሁ።  በደጅ ቧንቧ ፊቴን ታጠብኩ።

በዚያ ድምፅ የተነሳ ነው እኮ ያልመጣሁት።

ታኅሣሥ 22

ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲቀየር ድምፅ የለም። ዛሬ ነው ልብ ያልኩት። መቼ እንደጠፋ አላውቅም።

ጥር 4

አንደኛውም ለሰለሰ። ካባው ዳገት ላይ አወረድኩ፤ እግሬ ሥር ክር እንደተቆረጠ ያህል ብቻ ተሰማኝ። ድንጋይ ፈላጮቹ አሁን ያውቁኛል፤ "መምህር፣ ዛሬ ዝም አለች!" አሉ። መካኒኩ ያለው ይህንን ነው። ይነዳል፣ ይለሰልሳል። ኅዳር ወር ላይ ለዚህ ድምፅ አልባ ማርሽ ምን አልሰጥም ነበር...

ግቢው ገባሁ። ሞተሯን አጠፋሁ። በሩን ከፈትኩ። እትዬ ጀርባዋን ሰጥታኛለች፤ መንገዱን ታያለች። ሞተሮች ያልፋሉ። አልዞረችም። የእህቴ ልጅ የደንበኛ ልክ ልትወስድ ወጥታ ቤት የለችም።

"እትዬ" ብዬ ትከሻዋን ነካሁ።

በድንጋጤ ዘለለች። አፏ ተከፈተ፤ ጩኸት መሆን ነበረበት፣ አልወጣም። ማን እንደገባባት ለማየት ስትዞር ያየሁት ፊት... እንዲህ ያለ ፍርሃት እሷ ላይ አይቼ አላውቅም። መጮኽ የማይችል ሰው ቤት ሳላንኳኳ ገባሁ።

እስክትረጋጋ እጇን ይዤ ቆየሁ። ከዚያ አለቀሰች። መዳፏን ገለበጠች። ተወው።

ዛሬ ስሜን አልጠራችውም።

ጥር 5

ዛሬም አልሰማችኝም። በሩን አንኳኳሁ፣ ጉሮሮዬን ጠረግኩ፤ የልጇ የስፌት መኪና ዋጠው። ክላክስ ልሞክር አልኩ፤ መንገዱ ሁሉ ክላክስ ነው። ቀኑን ሙሉ እየቆየች ወደ መስኮቱ ትመለስ ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ እኔን ትጠብቃለች።

ጥር 6

መካኒኩ ዘንድ ሄድኩ።

"እንዴት ናት ጋሼ? ለሰለሰች አይደል? አላልኩም?"

"ብለሃል። ልክ ነበርክ። አሁን እንድትንኳኳ አድርግልኝ።"

"ምን አሉ?"

"የፍሪሲዮኑን ገመድ አላላልኝ። ወደ አንደኛ ስትወርድ ኳ እንድትል።"

እጁን በጨርቅ ይጠርግ ነበር፤ አቆመ። "ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ? ሰው እንዲለሰልስለት ነው የሚከፍለኝ። ፍሪሲዮኑን ይበላዋል እኮ! እርስዎ አይደሉ እንዴ ገና ማር የሆነ ዘይት ያስቀየሩኝ?"

"እኔ ነኝ።"

"እኔ ዕቃ አላበላሽም። ስም አለኝ።"

እውነቱን ነው። እኔም በእሱ ቦታ አልነካውም ነበር። አልተከራከርኩም።

ጥር 7

ጠዋት ራሴ አላላሁት። ብሎኑን ያዝኩ፣ ወደ ግራ፣ እስኪበቃው። በምንም አልለካሁም። ጡሩምባ በአጥሩ ላይ ያያል።

"ምን ሆነች ደግሞ?"

"ምንም አልሆነች። እያበላሸኋት ነው።"

"በጤናህ ነው?"

ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርኩት። ስለ ወንበሩ እጀታ። እስከ መጨረሻው ሰማኝና አንገቱን አቀረቀረ። "ትንሽ ጨምርበት" አለኝ። "በእኛ መንገድ ጫጫታ ትንሽ አይበቃም።" ጨመርኩበት።

መንገዱን ሁሉ እየተንኳኳሁ ሄድኩ። አፋፉ ላይ አንዴ መሀል ቀረች፤ ረግጬ መለስኳት።

እትዬ በር ጋ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ አወረድኩ። ኳ! ዶሮዎቹ ተበተኑ። ሞተሯን አጥፍቼ ቆምኩ። የስፌት መኪናው ውስጥ ውስጡን ትር ትር ይላል። ሌላ ምንም የለም። ዘገየሁ ማለት ነው? በእነዚህ ጥቂት ቀናት ረሳችኝ?

የስፌት መኪናው አቆመ።

ከዚያ ከመስኮቱ በኩል፣ የወንበሩ እጀታ ላይ፣ አንድ ጊዜ ኳ።

ቃል አይደለም። ሐኪሟ አትቆጥረውም። "አቤት እትዬ" አልኩና ገባሁ።